ሶምሶማ የሚሮጥ ካርታ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ እኛ ቤት መጣ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «እቴቴ፣ አንድ ካርታ ምረጪ» አለኝ። መረጥኩ። መልሼ ከተትኩት። በወዘ። ከዚያ የእኔዋን ካርታ ከሸሚዙ ኪስ መዘዛት።

«መቼ ተማርካት?»

«ትናንት ማታ።»

ትናንት ማታ! እኔ ይህችን የመሰለች ነገር ለመሥራት አንድ ክረምት ነው የፈጀብኝ። ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ለማታውቁኝ፦ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ ካርታና ሳንቲም አገላብጣለሁ። መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የእኔ ተመልካች ቡና የሚጠጣ ጎረቤት፣ ልደት ላይ የተሰበሰበ ልጅ፣ ሽሮፑን አልውጥም ብሎ የሚነፋረቅ ሕፃን ነው። ግን 26 ዓመት ሆኖኛል። የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። ልጁ የተማረው ከዩቲዩብ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ይኸው ነው።

መጽሐፉን የገዛሁት በ1991 ዓ.ም ተማሪ ሳለሁ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ከአንዱ። ሃያ ብር አለኝ፤ አሥራ አራት ላይ ተስማማን። ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉም። መሃሉ ላይም ጥቂት ቅጠል ተገንጥሏል። ሻጩ ራሱ ምን እንደሆነ አላወቀም። ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የቁማር ነው መሰለኝ» አለኝ። ውስጡ እጆች ተሥለዋል። ክንድ የሌላቸው፣ ካርታ የያዙ እጆች። እነሱን አይቼ ነው የገዛሁት።

ምንነቱን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዣን ሁጋርድና ፍሬድሪክ ብራው የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት፣ ካርታ ለሚጀምር ሰው እስከ ዛሬ «በዚህ ጀምር» የሚባልለት መጽሐፍ ኖሯል። ሁጋርድ አውስትራሊያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የመድረክ ሰው ነው። በስተርጅና ዓይኑ ጠፋ። ስለ ካርታ መጻፉን ግን አልተወም። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና አገላበጥኩት። የሰውየው ጣቶች ያለ ዓይን ያስታውሱ ነበር ማለት ነው።

ያን ክረምት ደሴ፣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። ዝናቡና ጉሙ የትም አያስወጣም። መጽሐፉን ይዤ ቁጭ አልኩ። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ስለ ጨጓራ አሲድ ያነበብኩት ይገባኛል፤ ስለ ካርታ ግን ሌላ አገር ነው። ከተረፉት ገጾች የመጀመሪያዎቹ ስለ መበወዝ ነበሩ። እንደ ተረዳሁት ከሆነ «ሦስት ካርታ ሩጪ፣ አንዷን ወደ ውስጥ ሶምሶማ አስሩጪ፣ የቀረውን በላይዋ በውዢ» ነው የሚለው። ቃሎቹ «ረን» እና «ኢንጆግ» ናቸው። ኢንጆግ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ የለም። «ጆግ» ግን አለ፤ ሶምሶማ ሩጫ ይላል።

ካርታ እንዴት ነው ሶምሶማ የሚሮጠው?

ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ካርታውን አልጋ ላይ አንሸራተትኩ። ወረወርኩ። አንድ ቀን ማታ፣ ሥዕሉን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሳየው፣ ከተደረደሩት ካርታዎች አንዷ በሰሪው በኩል ጥቂት ወጣ ብላ ታየችኝ። አሃ! መሮጥ ማለት ካርታዎቹን በአውራ ጣት አንድ በአንድ እየሳቡ መጣል ነው። ሶምሶማዋ ደግሞ አንዷን ካርታ ትንሽ ወደ ራስ ሳብ አድርጎ፣ ጫፏን ወጣ አድርጎ መተው ነው። ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው አያያትም። ጣት ግን በጨለማም ያገኛታል። ስለዚህ የፈለግሽውን ያህል ብትበውዢ የሰውየው ካርታ የት እንዳለች ታውቂያለሽ።

እስከ ዛሬ ስሟ በእኔ ዘንድ ሶምሶማ ነው። ሁለት ሳምንት የተፈለገች ነገር ደግሞ ከእጅ አትወጣም። ልጁ ይህችኑ በአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው ያያት።

መጽሐፍ ሌላም ጣጣ አለበት። ለመግለጥ እጅ ይፈልጋል። ካርታው ደግሞ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። ገጹን በዘነዘና ላስረግጠው ሞከርኩ፤ ዘነዘናው ሥዕሉን ሸፈነው። በመጨረሻ ታናሽ ወንድሜን በቀን በሁለት ከረሜላ ቀጠርኩት። እሱ ያነባል፣ እኔ እሠራለሁ። «የግራ እጅሽን ሌባ ጣት…» ይልና ይስቃል። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ፈረንጆቹ ለዚያች ጣት የሰጧት ስም ምንም አይነግርም። እኛ ግን ሌባ ጣት ብለን ጨርሰናል። ለዚህ ሥራ ከኛ ስም የተሻለ አይገኝም።

እማዬ መጽሐፉን አልወደደችውም። እጅ ብቻ የተሣለበት መጽሐፍ ምን ደህና ነገር ይወጣዋል? «ይኼን የሰጠሽ ደብተራ ነው?» አለች። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ጎረቤታችን የጆሮ ጌጥ ጠፋባትና «እስቲ ልጅሽ ታውቅ እንደሁ ትይልኝ» ብላ መጣች። እማዬ አማተበች። እኔ ደግሞ የማገኘው ራሴ የደበቅኩትን ብቻ ነው ብዬ ማስረዳት አቃተኝ። ነገሩን ያበረደው አባቴ ነው። «አባባ ተስፋዬስ ምትሃት ያሳዩ የለ እንዴ? እሳቸውም ደብተራ ናቸው?» አለ። ተረታቸውን ሰምታ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ለዚህ ምን መልስ አላት?

በኋላ ዘመን አንድ ነገር አነበብኩና ደውዬ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የሚባል የኬንት ሰው እንግሊዝ አገር አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን ሚስኪን ሴቶች ጠንቋይ ናችሁ እየተባሉ ይሰቀሉ ነበር። ስኮት ይህን ሲቃወም፣ ሰው ተአምር ነው የሚለው ብዙ ነገር የእጅ ቅልጥፍና መሆኑን ለማሳየት የሳንቲሙንም የካርታውንም ሥራ በዝርዝር ጻፈው። የሰው አንገት የተቆረጠ አስመስሎ ሳህን ላይ ማሳየት እንዴት እንደሚቻል ሳይቀር ጠረጴዛውን ሥሎ አብራርቷል። የዚያ ትርዒት ስም «የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት» ነበር። የኛ ሙያ ምስጢር እንግሊዝ አገር መጽሐፍ ላይ የወጣው ሰው ለማስደነቅ ተብሎ አልነበረም፤ ሴቶቹን ከገመድ ለማዳን ነው እያልኩ ስተርክላት እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ በቅዱስ ዮሐንስ ይቀለዳል?» አለች።

ወደ ልጁ ልመለስ።

የሱን አጠናን ቁጭ ብዬ አየሁት። ስልኩን በስኳር ዕቃው ያስደግፋል። ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል። አሥር ሰከንዷን መልሶ መላልሶ ያያል። እውነቱን ለመናገር መጽሐፍ የማይሰጠው ነገር እዚህ ውስጥ አለ። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ያበላሸሁት አንድ ነገር ነበር። ሁለት ካርታ እንደ አንድ አድርጎ ማንሳት። መጽሐፉ ጣት ሁሉ የት እንደሚያርፍ ነግሮኛል። አንድ ስህተት የለበትም። ስንት ፍጥነት እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ ስለዚህ ባነበብኩበት ፍጥነት ነበር የምሠራው። ነጠላ ሰረዝ ባለበት ቦታ ሁሉ እጄ ቆም ይላል! ጡብ የማነሳ ነው የምመስለው። ከዚያ በ1999 ዓ.ም ገደማ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ በደቂቃ እየተቆጠረብኝ፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ቪዲዮ ላይ አንድ ሰውዬ ያንኑ ሲሠራ አየሁ። ወሬ እያወራ ነው። ካርታዋን ግልብጥ። አለቀ። እጁ ምንም አልመሰለውም። ብድግ ብዬ መውጣት አማረኝ። ስምንት ዓመት!

በዚህ ልጁ ረትቶኛል። እሱ ከመጀመሪያው ቀን ዜማውን ሰምቷል። እኔ ቃሉን ብቻ ነበር የያዝኩት።

ግን የሚማርበትን ቪዲዮ ሰውዬ እንዳለ ነው የገለበጠው። ካርታ ከማውጣቱ በፊት ፀጉሩን ወደ ኋላ ይመልሳል። የልጁ ፀጉር የተላጨ ነው። «ዋች ክሎስሊ» (ልብ ብላችሁ እዩ) ይላል በአሜሪካንኛ፤ ለእማዬም፣ ለሠራተኛዋም። ቪዲዮው ፊት ለፊት የተቀረጸ ስለሆነ ደግሞ እንደ መስታወት ነው የተማረው። የሰውየው ቀኝ ለሱ ግራ ሆኗል። ካርታዋን በግራ እጁ ደብቆ ከግራ ደረቱ ኪስ ሲያወጣ ክንዱ እንደ ክራር ይጠመዘዛል። መጽሐፉ «ግራ እጅ» ካለ ግራ እጅ ነው። ወንድሜ ከረሜላውን እየመጠጠ ሲያነብልኝ እንኳ ተሳስቶ አያውቅም።

ሁለተኛ አድርግልኝ አልኩትና ተንኮል ሠራሁ። ካርታዬን ስመልስ እሱ ከዘረጋልኝ ቦታ አልከተትኩትም። ከታች ሰነቀርኩት። ልጁ ደነገጠ።

«እንደዚያ አይደረግም፣ እቴቴ።»

«ለምን?»

«ቪዲዮው ላይ ሴትዮዋ እንደዚያ አላደረገችም።»

ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ የታዘዘችውን ነው የምታደርገው። የኔ ጎረቤቶች ግን ሰው ናቸው። ካርታውን ይቀሙሻል፣ ራሳቸው ይበውዛሉ፣ «እጅሽን ክፈቺ» ይላሉ። እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ አሠራሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ አንድ የእጅ ሥራ ያስተምራል። ከዚያ በዚያችው የእጅ ሥራ ብቻ የሚሠሩ የተለያዩ ጨዋታዎችን ይደረድራል። ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ስትሄጂ የድሮዋም አብራሽ ትመጣለች። ስለዚህ አንዱ ሲበላሽ ወደ ሌላው ትዞሪያለሽ። ተመልካቹ መጨረሻው ምን እንደነበር አያውቅ! ልጁ ስልኩ ላይ አርባ የሚሆኑ ጨዋታዎች አስቀምጧል። ካርታ መበወዝ ግን በደንብ አይችልም። ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት በቃሉ እንደያዘ ሰው ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ የሳንቲሙ ነው። ሳንቲም ከግራ እጅ ወደ ቀኝ የወሰዱ መስሎ እዚያው ማስቀረት የሙያው ሀሁ ነው። እኔ በሃምሳ ሳንቲም ነው የጀመርኩት፤ እሱ በባለ ሁለት ቀለሙ አንድ ብር። ጣቶቹ ከኔ ይበልጣሉ። ግን ዓይኑ ከግራ እጁ ላይ አይነሳም። ሳንቲሙ ያለበትን እጅ አፍጥጦ ያያል! ለምን እንደሆነ ቪዲዮውን ሳይ ገባኝ። ካሜራው ለማስተማር ብሎ እጁ ላይ ተለጥፏል። የሰውየው ፊት የለም። ልጁ ከጣቶቹ ጋር የካሜራውንም ዓይን አብሮ ተምሯል። አስማተኛ የሚያየውን ነው ሰው የሚያየው። ባዶው እጅ ሙሉ የሚሆነው አንቺ ስታምኚው ነው።

የሮበር ኡዳንን ታሪክ የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ፈረንሳይ የተወለደ፣ ሰዓት ሠሪ የነበረ ሰው ነው። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ ስለ ሰዓት ሥራ የተጻፈ መጽሐፍ ሊገዛ ሄዶ ሻጩ ተሳስቶ ምትሃት ያለበት መጽሐፍ ሰጠው። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ነው ያወቀው። አልመለሰውም። (የሱ ሻጭ ተሳስቶ፣ የኔው «የቁማር ነው» ብሎ። የመጽሐፍ ሻጮች ውለታ አለብን።) ኋላ ዓለም ያወቀው አስማተኛ ሆነ፤ ዝነኛው አስማተኛ ሁዲኒ እንኳ ስሙን የወሰደው ከሱ ነው። ኡዳን ወጣት ሳለ አራት ኳስ በአየር ላይ ማጫወት ተለማመደ። ያ አልበቃ ብሎት መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ እያጫወተ ማንበብ ጀመረ። እጁ የራሱን እንዲሠራ፣ ዓይኑ ነፃ እንዲሆን።

«ታዲያ ምን እያነበበ ነበር?» አለኝ ልጁ። በ26 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ አስቤው አላውቅም። ከዚያ ሁለት ሎሚ ከጓዳ አምጥቶ እየወረወረ የሽሮፕ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ሞከረ። አንዱ ሎሚ ረከቦት ላይ አረፈ። ሁለት ስኒ ሄደ።

ስለ ረከቦት ካነሳን፣ የኔ ምርጧ ጨዋታ እዚያ ላይ ነው የምታልቀው። ከተገነጠሉት ቅጠሎች አንዱ የአንድ ጨዋታ መጨረሻ ነበረበት። ሰውየው ካርታ ይመርጣል፣ ይፈርምበታል፣ ካርታዋ ትጠፋለች፤ ከዚያ ገጹ የለም። ካርታዋ የት ደረሰች? አንድ ክረምት አሰብኩ። በመጨረሻ ራሴ መጨረሻ ሠራሁላት፦ ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ፣ በረካ ላይ፣ ካርታዋ ከእንግዳው ስኒ ሥር ትገኛለች። እንዴት እንደምትገባ አልነግራችሁም። 26 ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስሠራት ኖርኩ። ልጁ እሁድ ዕለት ዋናውን መጨረሻ ቪዲዮ ላይ አግኝቶ አሳየኝ። ካርታዋ ከተቀሩት መሃል ተገልብጣ ትታያለች፤ ያው ነው። ቆንጆ ነው፣ ንጹሕ ነው። ለእማዬ ሁለቱንም ሠራንላት። እማዬ አሁን ሰማንያን ተሻግራለች፤ ማማተቡን ግን አልተወችም። የሱን አይታ «ጎበዝ» አለች። የኔን ስታይ ስኒዋን አነሳች፣ ካርታዋን አየች፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህችን ካርታ እኮ እድፍ በእድፍ አደረግሻት» አለች። እውነቷን ነው፤ ያቺ የልብ ሰባት ካርታ የቡና ቀለበት አለባት።

ልጁ የሳንቲሟን ልቅረጽሽ አለኝ። ኩራቴ ናት፣ እሺ አልኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ሺህ ጊዜ ሠርቻታለሁ። አንድም ቀን ራሴን ይዤ አላውቅም። ቀረጸና አየነው። ከዚያ ዝም አለ። መልሶ በዝግታ አጫወተው። ሳንቲሙ ግራ እጄ ውስጥ በሚቀርባት በዚያች ቅጽበት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሁለተኛ ቀረጸ፤ ጨፈንኩ። መስታወቱ ፊት ራሴን ያልያዝኩት ለካ ለዚህ ነው። ማየት በሚገባኝ ሰዓት አላይም ነበር!

«እቴቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ራስሽን ነው ስትሸውጂ የኖርሽው» አለና ሶፋው ላይ ተንከባለለ።

እንዲህ ያለውን ነገር ማንም መጽሐፍ አይነግርሽም። የሌላ ሰው ቪዲዮም አይነግርሽም። ይህችን ስልክ በ1991 ባገኛት ምን በወጣኝ፤ ለመማሪያ አልፈልጋትም፣ ለዚህ ለዚህ ብቻ።

ስምምነት አደረግን። እሱ መጽሐፉን ተውሶ ወሰደ፤ በቀን አንድ ገጽ፣ እጁ ካርታ ላይ ስለሚሆን ታናሽ እህቱ ታነብለታለች። የከረሜላ ዋጋ ስለተወደደ በምን እንደሚቀጥራት አላውቅም። ሶምሶማ የሚለውን ራሱ ይፈልገው ብዬ አልነገርኩትም። እኔ ደግሞ በየእሁዱ ልቀረጽለት ተስማማሁ። ትናንት አራት ጊዜ ቀረጸኝ። ሦስቱ ላይ ጨፍኛለሁ። አራተኛዋ ላይ መብራት ሄደ።